ዘጠነኛው መንስኤ

በመጀመሪያው እሑድ ውብርስት ከከሰል ነጻ ወጣች። በሁለተኛው ከአረቄ። በሦስተኛው እሑድ የብየዳ ጭስ ላይ ሲደረስ የኮሚቴው ቁጥር ስላልሞላ ጉዳዩ ለሳምንት ተላለፈ። ውብርስት የእጅ ጽሕፈት መምህርት ናት፤ በዕድሜዋ የብየዳ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ አታውቅም። ሆኖም ብረት አለመበየዷን ለማስረዳት ሌላ ሳምንት ጠበቀች።

ነገሩ የተጀመረው ከቀፎው ነው። ቀፎ የሚባለው በየብሎኩ ምድር ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የቆመው የጭንቅላት ምርመራ ማሽን ነው። ሰው በርበሬውን ለወፍጮ ቤቱ ይሰጥና፣ እስኪፈጭለት ድረስ ጭንቅላቱን ቀፎው ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ እንደ ንብ መንጋ ይጮሃል። ከዚያ ሰውየው ፀጉሩን አስተካክሎ፣ የተፈጨ በርበሬውን ተቀብሎ፣ እያነጠሰ ወደ ቤቱ ይወጣል። በአያቶች ዘመን ሊጋቡ የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠየቁት የደም ምርመራ ወረቀት ብቻ ነበር ይባላል። በደሙ ላይ ኩላሊት ተጨመረ፤ በኩላሊቱ ላይ የዘር ምርመራ፤ በመጨረሻም አንጎል። አሁን ውጤቱን የሚጠይቀው ዕድር ነው። ሰው ሲታመም የሚያሳክመው፣ ሲወልድ የሚያዋልደው፣ ሲሞት የሚቀብረው ዕድሩ ነውና። ሴት ስታገባ ከወላጆቿ ዕድር ወጥታ ወደ ባሏ ዕድር ትገባለች፤ በሁለቱ መካከል የቀረች ሴት ታማ ብትሄድ የሐኪም ቤቱ በር አይከፈትላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ዕድሩ ይቀበላል፣ የሠርጉ ቀን የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የውብርስት ውጤት አጭር ነበር። "ቤዛል ጋንግሊያ በሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ፣ ግራና ቀኝ እኩል የሆኑ ነጥቦች ታይተዋል። ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎች ዘጠኝ ናቸው።"

"ምን በሚባለው?" አሉ እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ።

"ቤዛል ጋንግሊያ" አለ እጮኛዋ ያፌት፣ ከስልኩ ላይ እያነበበ። "አንጎል ውስጥ በጥልቀት ያለ ነገር ነው፣ እማማ። እጅና እግር ሲንቀሳቀስ ሥርዓት የሚያስይዝ።"

"ታዲያ ልጄ ምን ሆነች? አትሄድም? አትመጣም?"

"ትሄዳለች።"

"እንግዲያው ማሽኑ ይመርመር።"

ማሽኑ ምን እንደሆነ አይናገርም። ምን ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው የሚናገረው። ፍርድ የሰው ነው ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል። ሰው ማለት በዚህ ጉዳይ የያፌት ዕድር፣ የሰባተኛው ብሎክ መረዳጃ ዕድር፣ የአቀባበል ኮሚቴ ነው፦ ሰብሳቢው ጋሽ ሽመክት፣ የያፌት አክስት እትዬ ሐመልማል፣ እና ሁልጊዜ ዘግይተው የሚደርሱት አቶ ግዛቸው። ሦስቱም ሐኪም አይደሉም፤ እንዲሆኑም አይጠበቅም። ወይ አንዱ መንስኤ ተረጋግጦ ሌሎቹ ይወድቃሉ፣ ወይ ዘጠኙም አንድ በአንድ ተጠይቀው ይዘጋሉ። አንድ እንኳ ክፍት ከቀረ አባልነት የለም። ይህ በደንቡ ላይ በደማቁ ተጽፏል።

የመጀመሪያው መንስኤ የከሰል ጭስ ነው፤ ከሰል በከተማው ከታገደ ረጅም ጊዜ ስለሆነው ብዙ አያስቸግርም ብላ ነበር ውብርስት። ዕድሩ የላካቸው ሁለት ወጣቶች የእናቷን ቤት ግድግዳ በማሽተቻ መሣሪያ ሲያሸቱ ዋሉ። ጓዳው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንደኛው ወጥቶ በትሕትና፣ "እማማ፣ እዚህ ጋ የተቃጠለው ምንድን ነው?" አለ።

"ሽንኩርት" አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። "ከናንተ ጋር ሳወራ ያረረብኝ ሽንኩርት።"

አረቄውን የጠየቁት አቶ ግዛቸው ነበሩ።

"የቤት አረቄ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

"በለቅሶ ቤት? በክርስትና? ጥርስሽን ሲያምሽ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

አቶ ግዛቸው አዘኑላት። "አደገኛው የተበላሸው አረቄ ነው" አሉ ወደ ታብሌቱ ጎንበስ ብለው። "ደህናው ምንም አያደርግም። ይሄ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።"

ብየዳው ከተዘጋ በኋላ መዳብ መጣ። መዳብ በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀምበት ሕመም አለ፤ አንጎል ላይ ነጥብ ይጥላል፣ በዓይን ብሌን ዙሪያም ቀለበት ያወጣል። በዘር ስለሚተላለፍ የእሷን ዓይን ማየት አልበቃም። ጋሽ ሽመክት ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ነው አሉ፣ ስለዚህ ዓይኑም እስከ ሰባት ቤት ይታይ። እትዬ ሐመልማል ይህ የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው እንጂ ለዓይን አይደለም ብለው ተከራከሩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከተነጋገሩ በኋላ በሰባት ቤት ጸና። ሰኞ ዕለት አጎቷ አያልነህ ከሞጣ ደወሉ።

"ውብርስት! ምን አድርገሽ ነው? ማሳዬ ላይ ቆሜ በራሪ ካሜራ ዓይኔ ላይ መጥቶ አንዣበበብኝ።"

"ይቅርታ፣ አጎቴ። ለዕድሩ ነው።"

"ቀይ ሽንኩርት ስነቅል ነው የደረሰብኝ። ዓይኔ ደም መስሎ ነው የወጣው። ኋላ እንዳይያዝብን።"

"አይያዝብንም።"

"አንቺ ደህና ነሽ ግን?"

ይህን ከጠየቋት ሰዎች እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። መልሱን ስታስብ አጎቷ ሌላ ካሜራ እየመጣባቸው መሆኑን ነግረዋት ዘጉ።

ጉበቷ ታየ። የደም ሥሮቿ ታዩ። ስትወለድ ታፍና እንደሆነ ለማወቅ አዋላጇ ተፈለጉ፤ ሞተው ተገኙ፤ ልጃቸው ስለ እናታቸው ጥንቃቄ በቪዲዮ እያለቀሱ መሰከሩ። ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ አንጎል ላይ የሚቀመጥ ተሕዋስ ስላለ አያቷ ድመት እንደነበራቸው ተጠየቀች። ነበራቸው። የድመቱ ስም ምን ነበር ተባለች። ስሙን ነገረቻቸው። ጋሽ ሽመክት ጽፈው፣ አስምረውበት፣ የደም ምርመራ አዘዙ። ድመቱ ነጻ ሆነ።

ውብርስት በዚህ ሁሉ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እሑድ እሑድ በብሎኩ ጣሪያ ላይ ወደተተከለው ድንኳን ትወጣለች፣ የላስቲክ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ለተጠየቀችው ትመልሳለች። ስትወርድ ብቻ ሊፍቱ ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን በጡጫ ትመታለች። ሊፍቱ በተመታ ቁጥር "የትኛው ፎቅ?" ይላታል።

የቀረው ዘጠነኛው መንስኤ ነበር። ዘጠነኛው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ሌላ።

"ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ እትዬ ሐመልማል።

"ከእነዚህ ከስምንቱ ውጭ ያለው ሁሉ ማለት ነው" አሉ ጋሽ ሽመክት።

"ሁሉን እንዴት ነው የምንዘጋው?"

"እየጠየቅን።"

"ምኑን?"

ጋሽ ሽመክት ታብሌቱን አገላበጡት። መጠይቁ በዘጠነኛው ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ጭንቅላትዎ ላይ አደጋ ወይም ቀዶ ሕክምና ደርሶብዎ ያውቃል? ውብርስት አያውቅም አለች። እውነቷን ነበር። ጋሽ ሽመክት ግን "ሌላ" የሚባል ነገር በአንድ ጥያቄ ሲዘጋ አይተው ስለማያውቁ፣ ለሚቀጥለው እሑድ አሸጋገሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውብርስት እናቷ ቤት ሄደች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሠርጉን ነጠላ ጫፍ እየቋጩ ነበር።

"እማዬ፣ ስለ አንገቴ ልነግራቸው ነው።"

የእናቷ ጣቶች ቆሙ። "ስለምን አንገት?"

"ስለ አንገቴ።"

በውብርስት አንገት ዙሪያ አምስት የንቅሳት ቀለበቶች አሉ። ንቅሳት ተመልሶ ከመጣ ወዲህ የከተማው ወጣት ሴት ግማሽ ያህሉ አንገቷን ተነቅሳለች፣ ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከታች ሁለተኛው ቀለበት ግን ከሌሎቹ ትንሽ ወጣ ይላል። በእሱ ሥር ጠባሳ አለ። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ገና አጎቷ አገር ሳሉ፣ እንቅርቷን በየወረዳው የሚዞረው የቀዶ ሕክምና መኪና አውጥቶላት ነበር። ከተማ ሲገቡ እናቷ መጀመሪያ የወሰዷት ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ነቃሽ ነው። ይህን ከእናትና ልጅ ሌላ በአዲስ አበባ የሚያውቅ የለም። ያፌት እንኳ ጣቱን ቀለበቱ ላይ አድርጎ ሲጠይቃት፣ የነቃሿ እጅ ስለተንቀጠቀጠ ነው ብላዋለች።

"የጠየቁሽ ስለ ጭንቅላት ነው" አሉ እናቷ። "አንገትን ከጭንቅላት ምን አገናኘው?"

"ቅርብ ናቸው፣ እማዬ።"

"አታሹፊብኝ። እንቅርት ብለሽ አፍሽን ክፈቺ፤ ዘር ነው ይላሉ። ዘር ካሉ ደግሞ አንቺ ላይ አያበቃም፤ ለምትወልጃቸውም መዝገብ ይከፈታል። አጎትሽን በሽንኩርት ዓይን ያስነሱ ሰዎች በእንቅርት ምን የሚያደርጉ ይመስልሻል?"

ውብርስትን የሚያናድዳት ይኸው ነበር፦ የእናቷ ፍርሃት ትክክል ነበር። ከቦርሳዋ የተማሪዎቿን ደብተር አውጥታ ማረም ጀመረች። ልጆች በእጅ መጻፍን እንደ ውዝዋዜ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው የሚማሩት፤ "ጨ" እና "ጪ" እግራቸው የት ላይ እንደሚታጠፍ ለማሳየት በቀይ ብዕር ደጋግማ ትጽፍላቸዋለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቶቿ ተኮማተሩና ብዕሩ ወደቀ። ከንፈሯ ዙሪያ ጉንዳን የሄደበት ያህል ነዘራት።

"ያው ከሥራሽ ነው" አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ። "ስንቴ ነገርኩሽ፣ ማን በእጁ ይጽፋል አሁን?"

እሑድ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የዕድሩ ጥሩምባ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ሲነፋ "የመጨረሻ መንስኤ" ስላለ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ ወጥቷል። ያፌት ከፊት ተቀምጧል። ወይዘሮ ባንቺአየሁም መጥተው ከኋላ ቆመዋል።

በዕድሩ ሥርዓት ማንኛውም አመልካች ስለ መጨረሻው መንስኤ ከመጠየቁ በፊት የደም ግፊቱ ይለካል። መለኪያው በክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው፤ ይነፋል፣ ያጠብቃል፣ ከዚያ የደሙን ምት ያዳምጣል። ለማዳመጥ ጸጥታ ይፈልጋል። ጸጥታ ካላገኘ አየሩን ሳያወጣ ይጠብቃል። ይህን መሣሪያ የሠራው ሰው ዕድር ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

"ልኬቱ ሊጀመር ነው። እባክዎ ጸጥታ" አለ መለኪያው፣ በውብርስት ክንድ ላይ እየተነፋ።

"ጸጥታ!" አሉ ጋሽ ሽመክት።

"እባክዎ ጸጥታ።"

"ማነው የሚያወራው?" አሉ እትዬ ሐመልማል።

"አንቺ ነሽ" አሉ ጋሽ ሽመክት።

"እኔ ማነው ብዬ ጠየቅኩ እንጂ መች አወራሁ?"

"እባክዎ ጸጥታ።"

"እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዝም እንበል" አሉ ጋሽ ሽመክት፣ ከዚያም ዝምታው በምን ዓይነት መንፈስ መሆን እንዳለበት ማብራራት ጀመሩ። አቶ ግዛቸው በዚህ መሀል ደረሱ። ዘግይተው ስለደረሱ ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታው ተቀባይነት አገኘ፤ የአንዱን ቤተሰብ ጤና ጠየቁ፣ የሌላውን ጠየቁ፣ የጋሽ ሽመክትን ጉልበት ጠየቁ። ጋሽ ሽመክት ጉልበታቸው ከዝናቡ ወዲህ እንዴት እንደሆነ ነገሯቸው።

"እባክዎ ጸጥታ" አለ መለኪያው።

"ክንዴን አጠበቀብኝ" አለች ውብርስት። ማንም አልሰማትም። ጣቶቿ ቀዘቀዙ፣ ከዚያ ነዘሯት። ከዚያ እጇ ያለ ፈቃዷ መንቀሳቀስ ጀመረ። አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ። አራቱ ጣቶቿ ቀጥ ብለው እርስ በርስ ተጣበቁ። አንጓዋ ወደ ውስጥ ታጠፈ። እጇ የወፍ አፍ መሰለ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለ ጥሬ ሊለቅም እንዳጎነበሰ ወፍ።

መጀመሪያ ያዩት እትዬ ሐመልማል ናቸው። "በስመ አብ!" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ያኔ ድንኳኑ ሁሉ አወራ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላው የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አምጡ አለ፤ ክብሪት የሚባል ነገር በብሎኩ ውስጥ ከጠፋ ዓመታት ማለፋቸው ተነሥቶ ሌላ ክርክር ተጀመረ። አቶ ግዛቸው በዝግታ፣ "በእርግጥ አረቄ አልቀመሰችም?" አሉ።

"ይሄ ከየትኛው መንስኤ ሥር ነው የሚገባው?" አሉ ጋሽ ሽመክት ታብሌቱን እያንቀሳቀሱ። "ከዘጠኙ የለም። አሥረኛ እንክፈት?"

"አውልቁልኝ" አለች ውብርስት።

"ቆይ ልጄ፣ ልኬቱ ሳያልቅ ከወለቀ እንደ እምቢታ ነው የሚቆጠረው። ደንቡ ላይ..."

ያፌት ተነሥቶ መጣና ጨርቁን ከክንዷ ላይ ጎትቶ አወለቀው። አየሩ ሲወጣ አፏጨ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተጣበቁትን ጣቶች ለመክፈት ሞከረና እንቢ ሲሉት ተወ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?" አላት።

ውብርስት ቀና ብላ አየችው። ስንት እሑድ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚል ጥያቄ አንድም ቀን አልሰማችም።

"ከአሥራ አምስት ዓመቴ" አለች። "እንዲህ ባሰ ሁኔታ አይደለም። ጣቶቼን ይጨመድደኛል፣ ከንፈሬን ይነዝረኛል። አንገቴን ከተቀደድኩ በኋላ ነው የጀመረኝ።"

"ውብዬ!" አሉ እናቷ ከኋላ።

"ምኑን?" አለ ያፌት።

"አንገቴን። እንቅርት ነበረብኝ፣ አወጡልኝ።" ደህናው እጇ ወደ ሁለተኛው ቀለበት ሄደ። "ይኸው ጠባሳው። ነቃሿ እጇ አልተንቀጠቀጠም።"

ያፌት ወደ ጠባሳው ጎንበስ አለ። "እኔ እኮ ሴትየዋን ባየኋት ቁጥር ስረግማት ነው የኖርኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ሰላምታ ከልክያታለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ያፌት። ይቅርታ።"

ያፌት ታብሌቱን ከጋሽ ሽመክት እጅ ተቀብሎ፣ በ"ሌላ" ሥር የነገረችውን እንደነገረችው ጻፈው፦ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና፣ በአሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ የጣት መኮማተርና የከንፈር መንዘር። ታብሌቱ ለጥቂት ጊዜ አሰበ። ከዚያ ስምንቱ መንስኤዎች አንድ በአንድ ደበዘዙ፤ ከሰሉ፣ አረቄው፣ ብየዳው፣ መዳቡ፣ ድመቱ። ዘጠነኛው ብቻ ቀረ፤ ከሥሩም ጽሑፍ ወጣ። ጋሽ ሽመክት መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ወቅት ከጀርባው ያሉት የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ ዕጢዎች አብረው ከወጡ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል፤ እጅ ይኮማተራል፤ ከዓመታት በኋላም በቤዛል ጋንግሊያ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ የካልሲየም ክምችት ሊታይ ይችላል። የደም ካልሲየም ይለካ። መድኃኒት አለው።

ድንኳኑ ውስጥ በሰዓታት ውስጥ የመጀመሪያው ጸጥታ ሆነ።

"ያውቅ ነበር ማለት ነው?" አሉ እትዬ ሐመልማል ታብሌቱን እየጠቆሙ። "ይሄን ሁሉ እሑድ?"

"የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው" አለ ያፌት።

ጋሽ ሽመክት መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ እፎይታም ቅሬታም ነበረ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ግን ይቀራል። ለምን ደበቅሽን?"

"እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት" አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ሰዉን እየገፉ ወደ ፊት እየመጡ። "እኔን ጠይቁኝ። ዘር ነው ትላላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ውሸቴን ነው? እስቲ አንድ ሰው ውሸትሽን ነው ይበለኝ።"

ማንም አላላቸውም።

"አልጠየቃችሁኝም" አለች ውብርስት።

"እንዴት እንጠይቅሽ?" አሉ ጋሽ ሽመክት። "መጠይቁ ላይ የለም።"

"የአያቴ ድመት ስም መጠይቁ ላይ ነበር?"

ይህን ያለችው በጣም በቀስታ ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ የተጣለው መለኪያ ጸጥታ መስሎት "ልኬቱ ተጀምሯል" አለና የማንንም ክንድ ሳይይዝ ባዶውን ማዳመጥ ጀመረ።

በማግስቱ ደሟ ተለካ። ካልሲየሟ ማሽኑ ራሱ ሁለቴ ደጋግሞ እስኪለካው ድረስ ዝቅ ያለ ነበር። ነጭ እንክብል ታዘዘላት፣ ከቁርስና ከእራት ጋር የሚዋጥ። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሯን መንዘሩ ተወ። ተማሪዎቿ ፊት "ጨ"ን እና "ጪ"ን ሰሌዳው ሙሉ ጽፋ ብዕሯ ሳይወድቅ ጨረሰች፤ ልጆቹ ምንም እንደተለየ አላስተዋሉም፣ እሷ ግን ጀርባዋን ለእነሱ እንደሰጠች ለጥቂት ጊዜ ቆመች። አንጎሏ ላይ ያሉት ነጥቦች ባሉበት ቀሩ። አይጠፉም፣ ግን አይጨምሩም ተባለ። ያፌት ነቃሿን ፈልጎ ሄዶ ሰላምታ ሰጣት፤ ሴትየዋ የጠበኛ ሰው ድንገተኛ ፍቅር አስፈርቷት ሱቋን ዘጋች።

የዕድሩ ጉባኤ ውብርስትን በሙሉ ድምፅ ተቀበለ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። በዚያው ስብሰባ ጋሽ ሽመክት፣ ከዚህ ጉዳይ ዕድሩ ትልቅ ትምህርት ወስዷል አሉ። እንዲህ ያለ ስሕተት ዳግም እንዳይፈጸም፣ ከእንግዲህ ማንኛውም አመልካች ከጥያቄው በፊት አንገቱን ገልጦ እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተጨበጨበለት። በደንቡ ላይ በደማቁ ተጻፈ። አንገት የማየቱን ሥራም፣ ልምድ ስላላት፣ እና አዲስ አባል የመጀመሪያውን ዓመት በአቀባበል ጠረጴዛ ላይ እንዲያገለግል ስለሚጠበቅ፣ ለውብርስት ሰጧት። ትንሽ የእጅ ባትሪም ሰጧት።

እሷም "ጋሼ፣ አንገት አይደለም እኮ ነገሩ" አለች።

"ገብቶናል፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ሽመክት በፍቅር። "አንገት ነው።"

በመጀመሪያው እሑድ ሰልፉ ከድንኳኑ አልፎ እስከ ሊፍቱ ደረሰ። ሰዎች ሻርፓቸውን፣ ክራቫታቸውን፣ ማተባቸውን እያወለቁ በየእጃቸው ይዘዋል። አንገታቸውን እንደ ዶሮ አስግገው ይመጣሉ፣ ውብርስት ባትሪውን ታበራለች፣ የለም ትላለች፣ ያልፋሉ። እንቅርት ያለበት አንድም ሰው አልመጣም። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ ጠረጴዛው ሲመጡ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር። አንገታቸው ደህና ስለሆነ አለፉ። ስለ እግሩ የጠየቃቸው አልነበረም። ውብርስት አፏን ስትከፍት የሚቀጥለው ሰው አንገት ፊቷ ደርሶ ነበር።

ከቀትር በኋላ አንዲት ልጅ መጣች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ታብሌቱ ላይ ከስሟ ቀጥሎ ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎች ተደርድረው ነበር፣ ከውብርስት የሚበልጡ። ልጅቷ ቀና ሳትል የሻሿን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ስለነበር ቋጠሮው ጠበቀባት።

"ተይው" አለች ውብርስት።

"ደንቡ ላይ አንገት ይላል።"

"አውቃለሁ። ተቀመጪ።"

ልጅቷ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ቤታችን ከሰል አይገባም" አለች ቶሎ ብላ። "አረቄም አልጠጣም። ጭንቅላቴንም ተመትቼ አላውቅም፣ ድመትም..."

"ስለ ድመት አልጠየቅኩሽም።" ውብርስት የእጅ ባትሪውን አጠፋች። ታብሌቱን አነሣችና በግምባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። "ምን ይሰማሻል?"

ልጅቷ መልሱ የት እንደተጻፈ የምትፈልግ ይመስል ወደ ተደፋው ታብሌት አየች።

"ውብርስት!" አሉ ጋሽ ሽመክት ከድንኳኑ ጥግ። "ምነው ቆምሽ? ሰልፉ እኮ ሊፍቱ ጋ ደርሷል!"

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አንገቱን እያሻሸ በረደኝ አለ። ሌላው፣ ይሄ ነገር ዛሬ አያልቅም አለ።

"ይጠብቁ" አለች ውብርስት። ድምጿ ከፍ ብሎ መውጣቱን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ከመቼ ጀምሮ ነው እጅሽ የሚንቀጠቀጠው?"

ልጅቷ ሰልፉን ዞራ አየችው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።